አራት ሜትር ካብ

ኦክቶበር 18

ካቡ ሄደ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። በእንቅልፍ ልቤ ገልባጭ መኪና ድንጋይ የሚያራግፍ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እዚህ ቁልቁለት ላይ ገልባጭ ከየት ይመጣል? ባትሪ ይዤ ብወጣ ዝናቡ ሁለት እርምጃ አላሳይ አለኝ። ተመልሼ ተኛሁ። ነግቶ ስናየው ከቤቱ በታች ያለው ሁለተኛው እርከን አራት ሜትር ያህል ተንዶ፣ ድንጋዩ ከነአፈሩ የሽንኩርት መደባችን ላይ ተዘርግፏል። ደግነቱ ሽንኩርቱ ኦገስት ላይ ተለቅሟል።

(ቀኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በሁለት አቆጣጠር መኖር ሰልችቶኛል።)

ያለነው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴቬን የሚባለው ተራራማ አገር ውስጥ ነው። «ደቡብ ፈረንሳይ» ስላቸው ዘመዶቼ የሚታያቸው ባሕርና ፀሐይ ነው። ባሕሩ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። እኛ ጋ ያለው ቁልቁለት ነው። መንዝ ያለውን የአያቴን ቀዬ ጫካ ቢያለብሱት ይህንን ይመስላል። የምንገበያይበት ከተማ ሴን ዣን ዱ ጋር ነው፤ ሃያ ደቂቃ፣ ያውም ሁሉም ጠመዝማዛ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከሊዮን ያመጣን የእሷ ሥራ ነው። እኔ ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር እሠራለሁ። ኔትወርኩ ሲፈቅድ።

ዝናቡን መልመድ አቅቶኛል። ለእኛ መስከረም ሲጠባ ዝናብ ያበቃል፣ አደይ ይፈነዳል። እዚህ ጭራሽ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። ከሜዲትራኒያን የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲላተም የያዘውን ሁሉ አንድ ቦታ ያወርደዋል። የራሱ ስም አለው፤ «ኤፒዞድ ሴቨኖል» ይሉታል። በ2020 ሴፕቴምበር ከእኛ ወዲያ ማዶ ቫልሮግ አካባቢ በአንድ ቀን ከ700 ሚሊ ሜትር በላይ ጥሏል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘውን ከግማሽ በላዩን በአንድ ቀን ማለት ነው። የትናንቱ የዚያን ሩብ አይሆንም። ለእኔ ካብ ግን በቃው።

ኦክቶበር 22

ኢንሹራንስ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። «ቤት እንጂ ካብ አንሸፍንም» ተባልኩ።

ባለሙያ አስጠራሁ። ለካሬ 350 ዩሮ አለኝ። የወደቀው ቁመቱ 1 ሜትር ከ60፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ስናሰላው 2,240 ዩሮ። ሰውዬው አልበዘበዘኝም፤ እጁ የፈጠነ ባለሙያ እንኳ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ካሬ ቢክብ ነው። ግን ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ እርከን አለ። አንዱ በወደቀ ቁጥር ይህን ያህል ከከፈልኩ ቤቱን ለካቡ ሸጬለት መውጣት ነው።

ማዘጋጃ ቤት በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ነው የሚከፈተው። ጸሐፊዋ ፎቶውን አይታ፣ «በነበረበት ቦታ፣ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ቁመት ከሆነ ይሥሩት። ሲሚንቶ ግን እንዳላይ» አለችኝ። እንደ እናት ነው የተቆጣችኝ፣ በዕድሜ ግን ታናሼ ትሆናለች።

ኦክቶበር 23

ጎረቤታችን ዱላቸውን ይዘው መጡ። 81 ዓመታቸው ነው። ስማቸውን እዚህ አላነሣም፤ ቤታችን ውስጥ «ሙሴ» ነው የምንላቸው። እናቴ በስልክ «ሙሴ ደህና ናቸው?» ማለት ከጀመረች ወዲህ ጸንቶ ቀረ። እሷ ባደገችበት ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነበር፤ «ሙስዩ» ከሚለው ፈረንሳይኛ።

ሰላምታው ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ነው። ፓሪስ ሁለት ነው። ሊዮንም ሁለት። እዚህ ሦስት ሲሆን መጀመሪያ ቀን ከመደሰቴ የተነሣ አራተኛ ልጨምር ነበር። በንግግር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ላይ ነን። እኔ የማደርገው ለዕድሜያቸው ነው። እሳቸው እኔን ለምን እንደሚያንቱኝ አላውቅም።

የተናደውን ቆመው አዩት፤ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሳይሆን ወደ አፈሩ ጠቆሙኝ። «ይህ አፈር ከታች ከወንዙ ዳር በቅርጫት፣ በጀርባ የወጣ ነው» አሉ። ቁልቁለቱ የራሱ አፈር አልነበረውም። ካብ ክበው፣ ከኋላው አፈር አምጥተው ሞልተው ነው መሬት የሠሩት። እርከኑን «ባንሴል» ይሉታል። ላይ ሻቴኝ የሚሉት ባለ እሾህ ልጣጭ ፍሬ ዛፍ፣ ታች የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ ይተከልበት ነበር። ሻቴኙን «የእንጀራ ዛፍ»፣ ያንኛውን «የወርቅ ዛፍ» ይሉታል፤ እንጀራ ስል ዳቦ ማለታቸው ነው። ወርቁ ግን አልቋል። የሐር ትሉን በሽታ ሊያጠና ሉዊ ፓስተር ራሱ በ1865 እዚህ ቅርብ አሌስ ድረስ መጥቷል። የእኛ ሁለተኛ እርከን ላይ የአንዱ ጉቶ አሁንም አለ።

ሲሄዱ፣ «መጀመሪያ ድንጋዩን ይለዩ። ካቡን በኋላ ይደርሱበታል» አሉኝ።

ኖቬምበር 2

ስለይ ሰነበትኩ። ትልልቁ ለመሠረት። ረጃጅሙ ለብቻው። ፊቱ ያማረው ለብቻው። ሰፋፊው ጠፍጣፋ ለመክደኛ፤ እሱን ሩቅ ነው የማስቀምጠው፣ መጨረሻ ላይ ስለሚፈለግ። ጭብጥ የሚያክለው ሁሉ ለሙሌት። ካቡ ሥር አንድ ሜትር መሄጃ መተው አለበት፤ እኔ አልተውኩም፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ድንጋይ ከድንጋይ ላይ ሳነሣ ዋልኩ።

የዚህ አገር ድንጋይ ሺስት ነው። ግራጫ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በንጣፍ በንጣፍ ይሰነጠቃል። በመዶሻ አግድም ከመታኸው በፈለግኸው ቦታ ይከፈላል። በግንባሩ ከመታኸው አንተ በማትፈልገው ቦታ።

ዕቃዎቼ፦ ዶማ፣ ድጅኖ፣ ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ሁለት ባልዲ፣ የእጅ ጋሪ፣ እና እሑድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በስምንት ዩሮ የገዛሁት ባለ ካሬ አፍ መዶሻ። ጓንት ግዴታ ነው። ሦስተኛው ባልዲ ላይ ትንሽ ጥቁር ጊንጥ ወጣች። ሙሴ «ምንም አታደርግም» አሉ። እኔ ጊንጥን በቁመቷ አልገምትም።

ኖቬምበር 16

በሁለት ቅዳሜና እሑድ ክቤ ጨረስኩት! አምሯል። ፊቱ ለጥ ያለ፣ ፎቶ የሚያስነሣ። ለእናቴ ላክሁላት። «ለድንጋይ ካብ ፈረንሳይ ድረስ ምን አስኬደህ? መንዝ ሞልቶ!» አለች።

እውነቷን ነው። አያቴ ግቢ ውስጥ ያደግኩት ካብ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱም ድንጋይ፣ አጥሩም ድንጋይ፣ የበጎቹ ጉረኖም ድንጋይ። ግን እላዩ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ ማን ሲክበው አየሁ? አንድም ቀን አልረዳሁም። ካብ ለእኔ ድሮውንም የነበረ ነገር ነው፣ እንደ ተራራው።

ሙሴ መጥተው አዩት። «ቆንጆ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። አሁን ሳስበው ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዲሴምበር 9

ሦስት ቀን ዘነበ። ካቡ ሆድ አወጣ። መሀሉ ላይ በመዳፍ ስፋት ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ነፍሰ ጡር ነው የሚመስለው። ከሥሩ ውሃ አይወጣም። ይህ ነው የሚያስፈራው።

እንጨት ደግፌበት ገባሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ አየችውና «ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ።

ጃንዋሪ

ሥራ የለም። መሬቱ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። ስለዚህ ስለ ኑሮው ልጻፍ።

ምድጃው የሚበላው የኦክ እንጨት ነው። የሻቴኝ እንጨት በነፃ ሞልቷል፤ ግን ሲነድ እንደ ርችት ይፈነዳል፣ ምንጣፍ አቃጥሎብናል። እሑድ እሑድ ጫካው በአዳኞች ተኩስ ይናጋል፤ ለመንሸራሸር ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ነው የምንወጣው። ማክሰኞ ሴን ዣን ገበያ አለ። ፔላርዶን የሚባለውን የፍየል አይብ የምገዛው እዚያ ነው። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ። ገና ትኩስ ሳለ በሚጥሚጣ ሲበላ የአገሬን አይብ ያስረሳል ባልልም፣ ያስታግሣል። ጤፍ በፖስታ ነው የማስመጣው። ግማሹን ጤፍ፣ ግማሹን የሻቴኝ ዱቄት አድርጌ እንጀራ ሞክሬ ነበር። ዓይን አላወጣም፤ ጣዕሙ ኬክ ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሌላው ክስረት፦ ሻቴኝ የሚጠበስበት ረጅም እጀታ ያለው፣ ታቹ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ መጥበሻ አለ። ቡና ይቆላበታል ብዬ ገዛሁት። ቡናው በቀዳዳው ወርዶ እሳት ውስጥ ገባ።

አንድ ማታ ሙሴን ቡና ጠራኋቸው፤ በደህናው ምጣድ ተቆልቶ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስልኬን አውጥቼ የኮንሶን እርከን አሳየኋቸው። ካቡ እስከ አምስት ሜትር የሚደርስበት አለ፤ 21 ትውልድ እየተቀባበለ የሠራው ነው። የእሳቸው ሴቬንና የእኛ ኮንሶ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በአንድ ዓመት፣ በ2011 ነው፤ ያውም ፓሪስ ላይ በተደረገ አንድ ስብሰባ። ያለ ጭቃ የመካብ ጥበቡ ራሱ ደግሞ በ2018 ፈረንሳይን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም ተመዝግቧል። እሳቸው ስለ መዝገቡ ግድ አልነበራቸውም። ፎቶውን በሁለት ጣት እየለጠጡ አንድ በአንድ ድንጋዩን አዩ። «ውሃውስ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ የእኔም ካብ ትዝ አለኝ።

ማርች 15

አንድ ማኅበር የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ነበርን። ቤልጂጎች፣ ሆላንዶች፣ አንድ ጀርመን፣ ከፓሪስ የሸሹ ባልና ሚስት። ፈረንጅ አገር ሲቀይር «ኤክስፓት» ነው፤ እኔ ስቀይር «ስደተኛ»። አንዱ ሆላንዳዊ በምሳ ሰዓት ከምን እንደሸሸሁ በሐዘኔታ ጠየቀኝ። ከሊዮን የቤት ኪራይ አልኩት።

አስተማሪያችን ሠላሳ የሞላት የማትመስል ልጅ ናት። ክንዷ ግን የግንበኛ ነው። የእኔን ካብ ፎቶ አሳየኋት። አንዴ አይታ፣ «ፊቱን ነው የካብከው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ ራስና ጅራት አለው። ራሱ ከፊት የሚታየው ነው። ጅራቱ ወደ ተራራው መግባት አለበት። እኔ ረጃጅሞቹን ድንጋዮች ለዓይን እንዲያምሩ በጎናቸው አጋድሜ ደርድሬአቸው ነበር። ሁሉም ፊት፣ ምንም ጅራት የለም። የሚይዛቸው ነገር የለም ማለት ነው። ይህ አንዱ ጥፋት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከኋላ የነበረውን ባዶ ቦታ በአካፋ አፈር ሞላሁት። አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ይገፋል። ካቡ ጀርባ ከሥር እስከ ላይ ድንጋይ ብቻ መሆን አለበት፤ እሱም በአካፋ የሚደፋ ሳይሆን በእጅ አንድ በአንድ የሚሰካ። ውሃው በዚያ ይወርድና በድንጋዮቹ መሀል ይወጣል። ካብ ግድብ አይደለም፣ ወንፊት ነው። ሲሚንቶ የሚከለከለውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ነው።

የቀሩት ሕጎች አጭር ናቸው። አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ፤ ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ እንዳይገጥም። ካቡ ወደ ተራራው ያዘነብላል፤ በሜትር አሥራ አምስት ሳንቲ። ያነሣኸውን ድንጋይ አታስቀምጥ፣ ቦታ ፈልግለት። ይህን የመጨረሻውን ማንም አላከበረውም።

ማርች 22

አፈረስኩት። የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ከሰዓት። እናቴ ስትሰማ «እንካብ ካልሽ እንካብ፣ እንናድ ካልሽ እንናድ» ብላ ሳቀችብኝ።

መሠረቱን ሠላሳ ሳንቲ ዝቅ አደረግሁት። ታች ጠንካራው አለት ተገኘ። ወርዱ ሰባ ሳንቲ። የመሠረት ድንጋዮቹንም ከፊት ወደ ኋላ ዘቅዘቅ እንዲሉ አደረግሁ። አንዷን ብቻዬን በድጅኖ እየፈነቀልኩ ለማስገባት ጠዋቱን ሙሉ ፈጀሁ። ስትገባ ግን «ጉብ» የሚል ድምፅ አለ። በደንብ የተቀመጠ ድንጋይ ድምፁ አጭር ነው። ያልተቀመጠው ይንቀጫቀጫል፤ እግርህን ብታሳርፍበት ይነግርሃል።

ኤፕሪል 19

ግማሽ ደርሷል። በቀን ግማሽ ካሬ ከሆነልኝ ደስ ይለኛል። ሁለት እንጨት ዳርና ዳር ዘንበል አድርጌ ተክዬ በመሀላቸው ሲባጎ ወጥሬአለሁ፤ ዙር በጨረስኩ ቁጥር ሲባጎውን ከፍ አደርገዋለሁ። በየሜትሩ አንድ ረጅም ድንጋይ ከፊት እስከ ኋላ ዘልቆ ይገባል። እነዚህ ድንጋዮች ኖቬምበር ላይ ለፊት ማሳመሪያ ያባከንኳቸው ናቸው።

ዛሬ ከላይ ባለው መንገድ ሦስት ሰዎች አህያ እየጎተቱ አለፉ። አህያው ሻንጣቸውን ተሸክሟል። ተራራውን በአህያ ለማቋረጥ ገንዘብ ከፍለው የሚከራዩ ቱሪስቶች ናቸው። አህያው መሀል መንገድ ቆሞ ቅጠል ሲበላ እነሱ በፈረንሳይኛ ይለምኑታል። «መጭ!» አልኩት። ጆሮውን አቆመና ሄደ። ሰዎቹ ምን ዓይነት ዘዴ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሜይ 3

ሌሊት የዱር አሳማ ገባ። እኔ ከርከሮ ነው የምለው። ትል ፍለጋ ካቡ ጫፍ ላይ ቆፍሮ የአንድ ሜትር ሥራ ገልብጦ ሄደ። ሙሴ «ከዝናቡ ይልቅ እሱ ነው ጠላታችን» ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያማርሩ ዋሉ። የሽንኩርቱን ችግኝ አድርሰውልኛል፤ የዚህ አገር ነጭ ጣፋጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውን ቢበሉት ዓይን የማያስለቅስ። ከ2003 ጀምሮ የትውልድ ስፍራ ስያሜ አለው። ችግኙ ሥሩን እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ነው ያለው። ካቡ ካላለቀ መደቡ አይጸዳም። መደቡ ካልጸዳ ችግኙ ይሞታል።

ሜይ 9

እረፍት ወስጄ አራት ቀን በተከታታይ ሠራሁ። የመክደኛ ድንጋዮቹን በመጨረሻው ቀን ከባለቤቴ ጋር አነሣን። ከባድና ሰፊ ናቸው፤ ክብደታቸው ነው የታቹን የሚይዘው። ፊቱ ከኖቬምበሩ ያንሳል። ጎርባጣ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ፎቶ አላነሣሁትም። ማታውኑ በባትሪ ሽንኩርቱን ተከልን።

ሴፕቴምበር 20

ብርቱካናማ የዝናብ ማስጠንቀቂያ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እየጣለ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከካቡ ፊት፣ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ድረስ፣ በድንጋዮቹ መሀል ውሃ ይወጣል። አንዳንዱ ይንጠባጠባል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ቧንቧ ይፈሳል። መጀመሪያ ድፍርስ ነበር። ቆሜ እያየሁት እየጠራ መጣ። እጄን ካቡ ሆድ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ምን እንደምጠብቅ እንጃ። ከታች በሙሴ ግቢ ሌላ ባትሪ በካቦቹ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል። በ81 ዓመት፣ በዚህ ዝናብ! ባትሪዬን ሁለቴ አበራሁ። እሳቸውም ሁለቴ አበሩ።

ሴፕቴምበር 22

ሙሴ መጡ። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። ካቡን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ዱላቸውን ለእኔ አስይዘው ድንጋዮቹን በሁለት እጃቸው አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረጉ። አንዱም አልነቃነቅ አለ። በግራ በኩል ከላይ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ አንዷ ቀጭ አለች። ደግመው ነቀነቋት። ቀጭ።

«ይቺን አላየሃትም?» አሉኝ። «ነገ ሽብልቅ ድንጋይ ፈልግና ከኋላ በኩል አስይዛት። ከፊት እንዳትሞክር፣ አንተ ፊት ትወዳለህ።»

ዱላቸውን ተቀብለው ወረዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንተ አሉኝ። እኔ እንኳ እሳቸውን አንተ ማለት አይሆንልኝም፤ አፌም አይታዘዝም። ሽብልቋን ግን ዛሬውኑ አገኘኋት፤ ሙሌት ክምር ውስጥ ነበረች።